ያዝ ወይስ ጣል፦ ፕሮቶኖች ሲላተሙ ማን ይመርጣል?

ከደሴ ኮምቦልቻ በየቀኑ የሚመላለስ ሰው ጣጣውን ያውቀዋል። ጠዋት ሲነሳ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኗል፣ ጃኬት ይደረባል፣ አንገት በሻርፕ ይጠቀለላል። የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ያው ጃኬት ሸክም ይሆናል። ባለፈው ሰሞን በዚሁ መንገድ አጠገቤ የተቀመጠችው አብራኝ ያደገች ጎረቤቴ ነበረች። ኮምቦልቻ አንድ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ቁጥጥር ላይ ነው የምትሠራው። ስልኬ ላይ የከፈትኩትን ፎቶ አየችና «ደግሞ ይሄ ቱቦ ምንድን ነው?» አለችኝ።

ቱቦው ሰርን የሚባለው የአውሮፓ የምርምር ማዕከል ስዊዘርላንድና ፈረንሳይ ድንበር ላይ፣ ከመሬት በታች የቀበረው የፕሮቶን ማላተሚያ ነው። ላርጅ ሃድሮን ኮላይደር ይባላል። ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከደሴ ኮምቦልቻ ካለው መንገድ ብዙም አይበልጥም። እኛ ሚኒባስ ውስጥ ተጣበን ግማሽ ሰዓት አልፎን የምንጨርሰውን ያህል ርቀት፣ ፕሮቶኑ በአንድ ሰከንድ ከ11 ሺህ ጊዜ በላይ ይዞረዋል። ከሁለት አቅጣጫ የሚመጡት ፕሮቶኖች አራት ቦታ ላይ ፊት ለፊት ይላተማሉ። እዚያ አራት ቦታ ላይ ፎቅ ቤት የሚያካክሉ መመርመሪያዎች ተተክለው የሚፈናጠረውን ይመዘግባሉ። (ግጭት እያልኩ ስጽፍ የምናውቀው የዜናው ግጭት እንዳይመጣባችሁ። የማወራው ስለ ፕሮቶን ብቻ ነው።)

«ፎቶ ያነሱታል ማለት ነው?»

«አዎ። ግን አብዛኛውን ሳያስቀምጡ ይጥሉታል።»

«ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥተው?»

እውነቷን ነው፣ ሲሰሙት ያስቃል። ግን ሂሳቡን ተመልከቱት። ፕሮቶኖቹ የሚሮጡት በጥቅል በጥቅል ነው፤ አንዱ ጥቅል ውስጥ 100 ቢሊዮን ገደማ ፕሮቶን አለ። ጥቅሎቹ በየ25 ናኖ ሰከንዱ (ናኖ ሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ነው) ይተላለፋሉ፣ ይህም በሰከንድ 40 ሚሊዮን ጊዜ ማለት ነው። በአንድ መተላለፍ ላይ ደግሞ አንድ ግጭት ብቻ አይደለም የሚፈጠረው፤ አሁን ባለው አሠራር ትልልቆቹ መመርመሪያዎች ውስጥ 60 ገደማ ግጭት በአንዴ ይፈነዳል። የአንዱ መተላለፍ ሙሉ መረጃ አንድ ሜጋባይት ገደማ ነው ብንል እንኳን በሰከንድ 40 ቴራባይት ይመጣል። 64 ጊጋባይት የሚይዝ ስልክ ቢሆን በየሰከንዱ ከ600 በላይ ስልክ ይሞላል። ይሄን የሚያስቀምጥ ቋት የለም። ቢኖርም አንብቦ የሚጨርሰው የለም።

ስለዚህ ይመረጣል። የሚመርጠው ክፍል ትሪገር ይባላል፣ የጠመንጃ ቃታ እንደማለት። ቃታው ካልተሳበ ግጭቱ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ለዘላለም ጠፋ። ከቆሻሻ ቅርጫት ተፈልጎ የሚመለስ ፋይል አይደለም።

የሚያስደንቀኝ ፍጥነቱ ነው፣ እሱን ትንሽ ላብራራ። በ25 ናኖ ሰከንድ ውስጥ ብርሃን እንኳን የሚሄደው 7 ሜትር ተኩል ብቻ ነው። አትላስ የሚባለው መመርመሪያ ግን 46 ሜትር ርዝመት፣ 25 ሜትር ቁመት አለው። የመጀመሪያው ግጭት ፍንጣሪዎች ገና መመርመሪያው ውስጥ እየሮጡ ሳሉ ቀጣዩ ግጭት ይፈነዳል፣ ከዚያ የሚቀጥለው፣ ከዚያ የሚቀጥለው። መመርመሪያው ውስጥ የብዙ ግጭት ፍርስራሽ በአንድ ጊዜ እየተጓዘ ነው፤ የቱ ፍንጣሪ የየትኛው ግጭት እንደሆነ መለየቱ ራሱ አንድ ሥራ ነው።

ትሪገሩ ሁለት ማጣሪያ አለው። የመጀመሪያው ማጣሪያ ያዝ ወይስ ጣል የሚለውን የሚወስነው አትላስ ላይ በ2.5 ማይክሮ ሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ)፣ ሲኤምኤስ በሚባለው ሌላኛው መመርመሪያ ላይ ደግሞ በ4 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ነው። ያቺም ጊዜ ሙሉ በሙሉ ለማሰቢያ አይደለችም። ምልክቱ በገመድ ውስጥ አንድ ሜትር ለመሄድ 5 ናኖ ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል፤ ከመመርመሪያው ወጥቶ ወሳኙ ኤሌክትሮኒክስ ወዳለበት ክፍል ደርሶ፣ ውሳኔው ተመልሶ እስኪመጣ፣ ከተሰጠው ጊዜ ጥሩ አድርጎ የሚበላው መንገዱ ነው። እስከዚያ ድረስ አትላስ ላይ 100 አዲስ መተላለፎች ደርሰዋል። እነሱ ደግሞ መመርመሪያው ላይ ባሉ ትንንሽ ማህደሮች ውስጥ ተሰልፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ውሳኔው ከዘገየ ቀድሞ የተሰለፈው ሳይታይ ይጠፋል።

ጎረቤቴ እዚህ ጋ ነው ዓይኗ የበራው። «ይሄማ የእኛ ጠረጴዛ ነው» አለች።

እሷ የምትሠራው ምን መሰላችሁ፦ ከስር መብራት በበራበት ዘንበል ያለ ጠረጴዛ ላይ ጨርቁ እየተሳበ ያልፋል። ቆማ ታያለች። ድሩ የተበጠሰበት፣ ማጉ የጎደለበት፣ ቋጠሮ፣ የዘይት ጠብታ፣ ቀዳዳ። ስታይ ምልክት ታደርጋለች። ጨርቁ አይጠብቃትም። «ልብ ብለህ ካየኸው አልፎሃል» ትላለች። «ዓይኔ የሚያውቀውን ብቻ ነው የሚይዘው።»

ይቺን አረፍተ ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

የመጀመሪያው ማጣሪያ የሚሠራው በተራ ኮምፒውተር አይደለም። ኤፍፒጂኤ በሚባሉ ቺፖች ነው። ተራ ፕሮሰሰር ትእዛዝን አንድ በአንድ ያነባል። ኤፍፒጂኤ ግን ውስጡ ያለውን ሽቦ ራሳችሁ እንደፈለጋችሁ የምታገናኙት ቺፕ ነው፤ ስሌቱ ራሱ ሽቦ ይሆናል። እንደ ፋብሪካ መስመር አስቡት፣ አንዱ ግጭት ሦስተኛው ጣቢያ ላይ ሲደርስ ሁለተኛው ላይ ሌላ፣ አንደኛው ላይ ሌላ አለ። በየ25 ናኖ ሰከንዱ አዲስ ይገባል፣ የድሮው ይወጣል።

የሚጠይቀው ጥያቄም ሻካራ ነው። ሙሉውን ምስል ለማየት ጊዜ የለውማ። ፍንጣሪዎቹ ወደ ጎን በኃይል ወጥተዋል ወይ ብሎ ያያል። ለምን ወደ ጎን? ፕሮቶኖች አብዛኛውን ጊዜ ተጨራርፈው ነው የሚያልፉት፤ ስብርባሪያቸውም በመጡበት መስመር ቱቦውን ተከትሎ ይሄዳል። በውስጣቸው ያሉት ኳርኮች እና ግሉኦኖች ግንባር ለግንባር ሲጋጩ ግን ወደ ጎን የሚወረወር ነገር ይኖራል። ከባድ አዲስ ቅንጣት ሊፈጠር የሚችለውም እንዲህ ያለው ግጭት ላይ ነው። ስለዚህ ኃይለኛ ሚዩኦን፣ የኤሌክትሮን ከባድ ዘመድ የሆነው ቅንጣት፣ ወደ ጎን ወጣ? ያዝ። ኃይለኛ ኤሌክትሮን ወይም ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት)? ያዝ። በአንድ በኩል ብዙ ጉልበት ወጥቶ በሌላኛው በኩል የሚመጣጠነው ከጠፋስ? ሂሳቡ አልገጠመም፣ ኒውትሪኖ ወይም ሌላ የማይታይ ነገር ይዞት ሄዷል ማለት ነው፣ እሱንም ያዝ።

ከ40 ሚሊዮኑ በዚህ መንገድ 100 ሺህ ገደማ ያልፋል። ሁለተኛው ማጣሪያ ብዙ ሺህ ኮምፒውተሮች የተደረደሩበት አዳራሽ ነው፤ እዚያ ትንሽ ረጋ ብሎ፣ የቅንጣቶቹ ዱካ ተስሎ፣ ከ100 ሺው በሰከንድ ጥቂት ሺዎች ብቻ ዲስክ ላይ ይቀመጣሉ። ከመጀመሪያው 40 ሚሊዮን አንጻር ከ10 ሺህ አንድ ገደማ ነው።

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ምን እንደሚያዝ የሚዘረዝረውን ሰነድ ሜኑ ይሉታል፣ እንደ ምግብ ቤት። በመቶዎች የሚቆጠሩ መስመሮች አሉት። እያንዳንዱ የምርምር ቡድን የኔን አስገቡልኝ ይላል። ቦታው ግን ውስን ነው። የሚዩኦኑን የጉልበት ወለል ትንሽ ዝቅ ብታደርገው የሚያልፈው ቁጥር ይጎርፋል፣ የሌላውን ድርሻ ይበላል። ከፍ ብታደርገው ደግሞ ደካማ ምልክት የሚሰጠውን አዲስ ነገር ቆርጠህ ጣልክ። ከሳይንሱ ጎን ድርድርም አለበት ማለት ነው። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ተፈጥሮን «ምን አለሽ?» ብሎ የሚጠይቅ የሚመስለን ማሽን፣ ሜኑው ላይ ያልተጻፈውን በአብዛኛው አይሰማም።

ሂግስ የሚባለውን ቅንጣት ታሪክ ውሰዱ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 2012፣ በእኛ ሰኔ 27 ቀን 2004፣ አትላስ እና ሲኤምኤስ አዲስ ቅንጣት አገኘን አሉ። ሂግስ የሚፈጠረው ከአንድ ቢሊዮን በላይ ግጭት ውስጥ አንዴ ነው። ከተፈጠረም ወዲያው ይፈርሳል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቦተም ወደሚባሉ ሁለት ኳርኮች ነው የሚፈርሰው። ወደ ሁለት ፎቶኖች የሚፈርሰው ከሺው ሁለት ገደማ ብቻ ነው። ታዲያ መጀመሪያ የታየው በየትኛው ይመስላችኋል? በብርቅዬው! ሁለት ኃይለኛ ፎቶኖች ጎልተው ይታያሉ፣ ቃታውን ይስባሉ። የቦተም ኳርኮቹ ፍንጣሪ ግን ከተራው ግጭት ፍንጣሪ ጋር ይመሳሰላል፣ ከግርግሩ ውስጥ አይለይም። እነሱን በእርግጠኝነት አየን የተባለው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፣ ስድስት ዓመት ቆይቶ። ያውም ዘዴ ተፈልጎ፦ ሂግስ አንዳንዴ ከደብልዩ (W) ወይም ከዚ (Z) ቅንጣት ጋር አብሮ ይወለዳል፣ እነዚያ ደግሞ ሲፈርሱ ቃታ የሚስብ ኤሌክትሮን ወይም ሚዩኦን ይሰጣሉ። በጓደኛው በኩል ተያዘ እንበል።

ጎረቤቴን የጨነቃት ግን ሌላ ነበር። «ከጣሉት ውስጥ ጥሩው ቢኖርስ?»

ይሄ ጥያቄ አሁን የዘርፉ ዋና ክርክር ነው ብል ማጋነን አይሆንም። መልሱ አንድ አይደለም፤ ቡድኖቹ በየራሳቸው መንገድ እየሄዱ ነው።

እኔ የምደግፈው ኤልኤችሲቢ የተባለው መመርመሪያ የሄደበትን ነው። የዚህ ቡድን ሥራ ቦተም እና ቻርም የሚባሉት የኳርክ ዓይነቶች ያሉባቸውን ቅንጣቶች ማጥናት ነው። እነሱ ደግሞ ብዙ ናቸው፣ ጉልበታቸውም መጠነኛ ነው። «ኃይለኛ ነገር ወጣ ወይ?» የሚለው ሻካራ ጥያቄ ለእነሱ አይሆንም፤ የግጭቱ ብዛት ሲጨምር ወለሉን ከፍ ማድረግ ግድ ይላል፣ ከፍ ሲል ደግሞ የሚፈልጉት ራሱ ይቆረጣል። ምን አደረጉ? እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የመጀመሪያውን የኤሌክትሮኒክስ ማጣሪያ ጨርሰው ነቀሉት። በሰከንድ 30 ሚሊዮን ገደማ የሚሆነውን መተላለፍ (በጥቅሎቹ ሰልፍ መካከል ባዶ ቦታ ስላለ ከ40 ሚሊዮኑ ያንሳል) በሙሉ ያነቡታል፣ 4 ቴራባይት ገደማ በየሰከንዱ ማለት ነው፣ እና በመቶዎች በሚቆጠሩ ጂፒዩዎች ላይ ዱካውን ይስላሉ። አዎ፣ ልጆች ጌም የሚጫወቱበት ዓይነት ቺፕ። ይጥላሉ አሁንም፣ ግን አይተው ነው የሚጥሉት። ለእኔ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ለአትላስ እና ለሲኤምኤስ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም፣ መረጃቸው በጣም ይበልጣል፣ ሁሉን እናንብብ ቢሉ ገመዱም አይችለው።

ሲኤምኤስ ሌላ ብልሃት አለው። ሙሉውን ፎቶ ከማስቀመጥ ዋና ዋናውን ቁጥር ብቻ ጽፎ መያዝ። የትኛው ቅንጣት በየት በኩል በምን ያህል ጉልበት እንደሄደ ብቻ ይመዘገባል፤ ጥሬው ይጣላል። መጠኑ በጣም ስለሚያንስ በዚያው ዲስክ ላይ እጅግ ብዙ ግጭት ይያዛል። ጉዳቱ ግልጽ ነው፤ ኋላ ላይ ተመልሼ ጥሬውን ልይ ማለት አይቻልም።

ከሁሉም ብዙ የሚወራለት ግን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ያው ዘመኑ አይደል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሲኤምኤስ የመጀመሪያው ማጣሪያ ውስጥ፣ እዚያው ኤፍፒጂኤው ላይ፣ ያልተለመደ ነገር የሚያሸቱ የነርቭ መረቦችን፣ ከምሳሌ የሚማሩ ስሌቶችን፣ ሥራ ላይ አዋለ። አንዱ አክሶሎትል ይባላል፣ በአንድ የውሃ እንስሳ ስም። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ምንም ሳይመረጥ በዘፈቀደ የተያዙ ተራ ግጭቶችን ያሳዩታል። እሱ «ተራ» ማለት ምን እንደሚመስል ይማራል። ከዚያ አዲስ ግጭት ሲመጣ ከተራው ምን ያህል እንደራቀ ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ከወለሉ ካለፈ ቃታው ይሳባል። ሚዩኦን ፈልግ፣ ፎቶን ፈልግ የሚለው የለም። ይህን ሁሉ የሚጨርሰው በ50 ናኖ ሰከንድ ገደማ ነው። እኛ ስልክ ላይ የምናወራቸውን ግዙፍ ሞዴሎች አታስቡ። ይሄ ቺፕ ላይ እንዲገባ ተጨምቆ፣ ቁጥሮቹ ሳይቀሩ በጥቂት ቢት ተሸርፈው የተሠራ ትንሽዬ ነገር ነው።

ይሄን ስነግራት ጎረቤቴ ፊቷን ቋጠረች። «እኛ ጋ እንግዳ ነገር ካየሁ ከአሥሩ ዘጠኙ የማሽን ዘይት ነው» አለች።

ትክክል። ችግሩም ይሄው ነው። ከተራው የራቀ ሁሉ አዲስ ፊዚክስ አይደለም። የተበላሸ ገመድ፣ የደነዘዘ ሴንሰር፣ ከጥቅሉ ውጭ የተንጠባጠበ ፕሮቶን፣ ሁሉም ለማሽኑ «እንግዳ» ነው። የተያዙትን ግጭቶች ዘርግቶ ለምን እንደተያዙ ማስረዳት አለ፤ ማሽኑ ነጥብ እንጂ ምክንያት አይሰጥም። ስለዚህ የሚሰጠው ድርሻ ትንሽ ነው፣ መሆንም ያለበት እንደዛ ይመስለኛል፣ ቢያንስ ለጊዜው። ግን ይኑር። ያቺን አረፍተ ነገር አስታውሱ፣ «ዓይኔ የሚያውቀውን ብቻ ነው የሚይዘው»። የሚያውቁትን ብቻ የሚይዙ በመቶዎች የሚቆጠሩ መስመሮች ባሉበት ሜኑ ላይ፣ የማያውቀውን ለመያዝ የሚሞክር አንድ ሁለት መስመር ቢኖር ማንን ይጎዳል?

ጉዳዩ አሁን የሚነሳበት ምክንያትም አለ። በእቅዱ መሠረት ማላተሚያው እ.ኤ.አ. በ2026 አጋማሽ ለረጅም እድሳት ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2030 ሲመለስ በአንድ መተላለፍ 60 የነበረው ግጭት 140፣ ሲበዛም 200 ይደርሳል። ሁለት መቶ ግጭት ተደራርቦ በአንድ ፎቶ! ለዚያ ሲኤምኤስ የመጀመሪያውን ማጣሪያ ማሰቢያ ጊዜ ወደ 12.5 ማይክሮ ሰከንድ፣ የሚያሳልፈውን ከ100 ሺህ ወደ 750 ሺህ ሊያሳድግ ነው። የቅንጣቶችን ዱካ ገና ከመጀመሪያው ማጣሪያ ላይ ለማየትም ተዘጋጅቷል፣ እስከ ዛሬ ሲኤምኤስ ላይ ያልነበረ ነው።

«ለእኛስ ምን ይጠቅመናል?» የሚል አይጠፋም። ረጅም ስብከት የለኝም። የነርቭ መረብን ወደ ኤፍፒጂኤ የሚቀይረው መሣሪያ በነፃ የሚወርድ ነው። ሰርን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ እውነተኛ የግጭት መረጃ ለማንም ክፍት አድርጓል። አንዴ ደሴ ሆኜ ከዚያ መረጃ ትንሹን ላወርድ ሞክሬ 80 በመቶ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ፣ እንደገና ጀመርኩ፣ ሌሊቱን አለቀ። ኮምቦልቻ ላይ የኤሌክትሪካል ምህንድስና የሚማር ልጅ ይሄን ዘዴ ለመሞከር ጄኔቫ መሄድ አያስፈልገውም፤ ጨርቅ ላይ የጎደለ ማግ የሚፈልግ ካሜራም ያው ጥያቄ ነው ያለበት፣ ጊዜው ብቻ ይሰፋል።

ኮምቦልቻ ልንገባ ስንል ጎረቤቴ እንደገና ዞረች። «የሚጥሉትንስ በምን ያውቁታል?»

ሁለት ነገር ያደርጋሉ አልኳት። አንደኛ፣ ሳይመርጡ በዘፈቀደ ጥቂት ይይዛሉ፣ የሚጣለው ምን እንደሚመስል ለማየት። በብዛት የሚመጣውን ዓይነት ደግሞ ለምሳሌ ከሺው አንድ እያሉ ይወስዳሉ። ሁለተኛ፣ ይቆጥራሉ። በየመስመሩ ስንት እንደመጣ፣ ስንት እንደተያዘ ቆጣሪ አለው። ምስሉ ቢጠፋም ቁጥሩ አይጠፋም፤ ያለ እሱ ሂግስ ከስንት ግጭት አንዴ ይፈጠራል የሚለውን ማንም ማስላት አይችልም ነበር።

ጃኬቷን አውልቃ እያጠፈች አሰበችበት። «የእኛ ግልባጩ ነው» አለች። «የጣልኩትን አለቃው መጥቶ አገላብጦ ያየዋል። ያሳለፍኩትን ግን እኔ ነኝ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት።»

ልመልስላት ስል ከፊት ወንበር አንድ ሽማግሌ «ወራጅ አለ!» አሉ፣ እሷም ቦርሳዋን አንስታ ተከትላቸው ወረደች።